ሳዳሃሩ ኦህ፦ በአንድ እግር ቆሞ 868 ሆም ራን የመታ ሰው አሰልጣኝ ሲሆን ለምን ያን ያህል ተቸገረ?

ግራኝ መቺ

ሰላም ለዚህ ቤት። በጃፓናዊው ኮከብ ኦታኒ ሰበብ ወደ ጃፓን ቤዝቦል የገባን ሰዎች ወደ ኋላ እየቆፈርን ሳዳሃሩ ኦህ ላይ መድረሳችን አይቀርም። እኔም ደረስኩ፤ ሁለት ነገር ግን ግራ ገብቶኛል።

አንደኛ፣ ቀኝ እግሩን አንስቶ በግራው ብቻ ቆሞ የሚታይበትን ፎቶ ሁላችንም አይተናል። ግን በምን ጠቀመው? ሰው በአንድ እግር ሲቆም ይንገዳገዳል እንጂ አይጠነክርም። የጠየቅኩት ሁሉ «የሳሙራይ ጥበብ ነው» ብሎ ያልፈኛል፤ ይሄ ደግሞ መልስ አይደለም።

ሁለተኛ፣ በዮሚዩሪ ጃያንትስ ዋና አሰልጣኝነት አምስት ዓመት ቆይቶ አንድ የሊግ ዋንጫ ብቻ አግኝቶ ተሰናበተ። ፉኩኦካ ሄደ፤ አውቶቡሱ ላይ እንቁላል ተወረወረበት። ከዚያ ያው ሰው ሁለት ጊዜ የጃፓን፣ በ2006 ደግሞ የዓለም ሻምፒዮን አሰልጣኝ ሆነ። የተለወጠው ሰውየው ነው ወይስ ቡድኑ?

ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ብትጽፉልን ደስ ይለኛል።

የድሮ ስኮርካርድ

የመጀመሪያው ጥያቄ ይቀላል፤ እሱን እኔ ልውሰደው። በሽታው ካልታወቀ ግን መድኃኒቱ አይገባም።

ኦህ በ1959 ጃያንትስ ሲገባ ወርዋሪ ነበር። በ1957 የጸደይ ኮሺየን (የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ብሔራዊ ውድድር) ዋሴዳ ጂትሱግዮ ትምህርት ቤትን ለዋንጫ ያበቃው በመወርወር ነው። የጃያንትስ ዋና አሰልጣኝ ሺገሩ ሚዙሃራ በወርዋሪነቱ ስላላመነበት ገና በልምምድ ካምፑ ወደ አንደኛ ቤዝ አዛወረው። ዱላው ደግሞ እንቢ አለ። የመጀመሪያዎቹን 26 ሙከራዎች ያለ አንዲት ምት ጨረሰ፤ 27ኛዋ ሆም ራን (ኳሷ ከአጥር ውጪ የምትወጣበት ምት) ሆነች። ያን ዓመት የዘጋው በ.161 አማካይ (ከመቶ ሙከራ 16 ገደማ ምት)፣ በ7 ሆም ራን እና በ72 ስትራይክ አውት (በሦስት ስትራይክ ሳይመቱ መውጣት) ነው። በ1960 17፣ በ1961 13 ሆም ራን መታ። ክፉ አይባልም፤ ጃያንትስ ግን ለአንደኛ ቤዝ የሚፈልገው ከዚህ በላይ ነበር።

በሽታው ይሄ ነው፦ ወርዋሪው ኳሷን ሊለቅ ሲል ኦህ እጆቹን አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ይስብ ነበር። የሚመታው ጉልበት የሚጨምር ይመስለዋል። ከወርዋሪው ጉብታ እስከ ሆም ቤዝ 18.44 ሜትር ነው፤ በሰዓት 140 ኪሎ ሜትር የምትመጣ ኳስ ግማሽ ሰከንድ አይሞላባትም። እጁ ወደ ኋላ ሄዶ እስኪመለስ ኳሷ ደርሳለች። ሊደርስባት ሲል አካሉን ወደ ፊት ይጥላል፤ ክብደቱ ፊት እግሩ ላይ ካለቀ በኋላ ዱላው ብቻውን ይመጣል። ፈጣን ኳስ ሲመጣ ይዘገያል፣ ቀርፋፋ ሲመጣ ይቀድማል።

በ1962 ሂሮሺ አራካዋ የመቺዎች አሰልጣኝ ሆኖ መጣ። አራካዋ ራሱ ለማይኒቺ ኦሪዮንስ የተጫወተ ሰው ነው፤ በተጫዋችነቱ ግን ስሙ የሚነሳ አልነበረም። ኦህን የሚያውቀው ከልጅነቱ ጀምሮ ነው፦ ቶኪዮ ውስጥ ሱሚዳ ፓርክ ሲጫወት አይቶት፣ በግራ እየወረወረ በቀኝ ይመታ የነበረውን ልጅ «በግራህ ምታ» ያለው እሱ ነበር።

ጁላይ 1 ቀን 1962 ካዋሳኪ ላይ ከታይዮ ዌልስ ጋር ጨዋታ ነበር። ከጨዋታው በፊት በነበረው የአሰልጣኞች ስብሰባ ላይ ቡድኑ የማያሸንፈው ኦህ ስለማይመታ ነው ተብሎ ወቀሳው አራካዋ ላይ ወረደ። አራካዋ በንዴት ወጥቶ በልምምድ ብቻ ሲሞክሩት የቆዩትን አቋቋም ዛሬ ጨዋታ ላይ ተጠቀምበት አለው። የመጀመሪያው ተራ ነጠላ ምት፣ ሁለተኛው ሆም ራን ሆነ። እስከዚያ ቀን 9 የነበረው ሆም ራን ዓመቱ ሲያልቅ 38 ደረሰ፤ የሊጉም አንደኛ ሆነ።

እንግዲህ አሠራሩ። ኦህ ግራኝ መቺ ስለሆነ የፊት እግሩ ቀኙ ነው። ወርዋሪው እግሩን ሲያነሳ እሱም ቀኝ ጉልበቱን እስከ ወገቡ ያነሳል። ክብደቱ በሙሉ ግራ እግሩ ላይ ነው፤ ያውም ተረከዙ ላይ ሳይሆን ውስጠኛው የእግሩ ክፍል ላይ፣ ጉልበቱ ትንሽ ታጥፎ። እጆቹ ከጆሮው ከፍ ብለው ካሉበት አይነቃነቁም። የወርዋሪው ክንድ ወደ ፊት ሲመጣ ቀኝ እግሩ ወደ ፊት ይሄዳል፣ በጣቶቹ ቀድሞ ያርፋል፤ ዳሌው ይዞራል፣ እጁ ይከተላል።

እጅን ወደ ኋላ መሳቡ የት ገባ? መግቢያ አጣ። በአንድ እግር የቆመ ሰው እጁን ድንገት ወደ ኋላ ቢስብ ይወድቃል፤ በዚያ ላይ ክብደቱ ቀድሞ ኋላ ስላለ የሚሰበስበው ነገር የለም። እግሩን ማንሳቱ ጉልበት ፈጠረለት የሚሉት በከፊል ነው ልክ የሚሆኑት። ዋናው ሥራው ስህተቱ የሚያልፍበትን በር መዝጋት ነበር። ለዚህ ነው ይህ በሽታ የሌለበት መቺ አቋቋሙን ብቻ ቢቀዳ የማይጠቅመው።

ጎራዴው ደግሞ ተረት አይደለም፤ ቦታው ግን ሌላ ነው። ከጣሪያ ላይ የወረቀት ቁራጭ በክር ይንጠለጠላል፤ ኦህ የውስጥ ሱሪ ብቻ ለብሶ በእውነተኛ ጎራዴ ይቆርጠዋል። ወረቀት ክብደት የለውም። ስለቱ ትንሽ ከዞረ ወይም ክንዱ ብቻ ከሠራ ወረቀቱ በንፋሱ ተገፍቶ ይሸሻል፤ የሚቆረጠው ስለቱ ቀጥ ብሎ በፍጥነት ሲያልፍ ብቻ ነው። አሰልጣኙ «ልክ ነው፣ አይደለም» ማለት አያስፈልገውም፤ ወረቀቱ ራሱ ይናገራል። አራካዋ የሞሪሄይ ኡዬሺባን አይኪዶም ይማር ነበርና በአንድ እግር ሳይንገዳገዱ መቆሙ ከዚያ የመጣ ነው። ልምምዱ ሌሊት አራካዋ ቤት ታታሚ ምንጣፍ ላይ ይቀጥላል።

ልሞክረው ለሚል ሰው ሦስቱ የተለመዱ ብልሽቶች፦ እግር ሲነሳ ትከሻ ወደ ኋላ ይጋደላል፣ ያኔ ዱላው ከታች ወደ ላይ እየመጣ ኳሷን ሽቅብ ያስወነጭፋል። እግሩ ቶሎ ያርፋል፣ ያኔ ቀርፋፋ ኳስ ሲመጣ የሚጠበቅበት ነገር የለም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ የቆመበት ጉልበት ወደ ውጭ ይከፈታል፤ እዚያ ላይ ዳሌው አልቆለታል።

ተጋጣሚዎቹም ዝም አላሉም። የቹኒቺው ኬንታሮ ኦጋዋ በጁን 1969 ኮራኩዌን ላይ ኳሷን ከጀርባው በኩል ወርውሮለታል፤ ሐሳቡ ኦህ እግሩን ሲያነሳ የሚለካበትን ሰዓት ማፍረስ ነበር። ኳሷ ከክልሉ ውጪ ሄደች። በሜይ 1964 ደግሞ፣ ኦህ በአንድ ጨዋታ 4 ሆም ራን ከመታ ከሁለት ቀን በኋላ፣ የሂሮሺማው ዋና አሰልጣኝ ካትሱሚ ሺራይሺ ስድስት ተከላካዮችን ወደ ሜዳው ቀኝ ሰበሰበ። ወጥመዱ ነጥብ ማስቀረት ብቻ አልነበረም፤ ኦህ ባዶ ወደሆነው ግራ ልምታ ብሎ ቅርጹን እንዲያበላሽ ነው። እሱ ግን ከጭንቅላታቸው በላይ መምታቱን ቀጠለ፤ ያ ዓመት 55 የመታበት ነው።

ሦስተኛ ቤዝ

ስለ አራካዋ የተባለው ልክ ነው። ለሁለተኛው ጥያቄም ቁልፉ እዚያው ውስጥ ያለ ይመስለኛል፦ ኦህ የተሠራው አንድ አሰልጣኝ አንድን ሰው ለዓመታት ቁጭ ብሎ ስለጠገነው ነው። ዋና አሰልጣኝ ደግሞ ይሄን ሥራ ለመሥራት ጊዜ የለውም።

በ1980 ጫማ ሰቀለ። በዚያ ዓመት 30 ሆም ራን መትቶ ነበር፤ አማካዩ ግን .236 ወረደ። ከ1981 እስከ 1983 ረዳት፣ ከ1984 እስከ 1988 ዋና አሰልጣኝ። ውጤቱ 3ኛ፣ 3ኛ፣ 2ኛ፣ 1ኛ፣ 2ኛ ነው። በሌላ ቡድን ቢሆን ይሾሙት ነበር። ጃያንትስ ግን በቴትሱሃሩ ካዋካሚ ዘመን ከ1965 እስከ 1973 ዘጠኝ የጃፓን ሲሪስ (የሁለቱ ሊጎች አሸናፊዎች የሚገጥሙበት ፍጻሜ) በተከታታይ ያሸነፈ ክለብ ነው፤ ኦህም የዚያ ቡድን ምሰሶ ነበር። የሚለካው ከራሱ ጥላ ጋር ነው።

1986ን ልብ በሉ። ጃያንትስ 75 አሸነፈ፣ 48 ተሸነፈ፣ 7 እኩል ወጣ። ሂሮሺማ 73 አሸነፈ፣ 46 ተሸነፈ፣ 11 እኩል ወጣ። በጃፓን እኩል የወጣ ጨዋታ ከስሌቱ ስለሚወጣ ሂሮሺማ .613፣ ጃያንትስ .610 ሆነ። ሁለት ጨዋታ አብልጦ ያሸነፈው ቡድን ሁለተኛ ወጣ። ይሄን በኦህ ላይ መለጠፍ ግፍ ነው።

የሱ ስህተት የሆነው ሌላ ነው። አንደኛ ወርዋሪ አያያዙ። ዮሺታካ ካቶሪ የሚባል ከቡልፔን (ተቀያሪ ወርዋሪዎች ከሚጠብቁበት) የሚወጣ ሠራተኛ ነበረው፤ ጨዋታው በጠበበ ቁጥር ኦህ የሚጠራው እሱን ነው። በ1987 ብቻ 63 ጨዋታ ላይ ወጣ። ደጋፊው ገና ኦህ ከመቀመጫው ሳይነሳ «ወርዋሪ፣ ካቶሪ!» ብሎ ይቀልድ ነበር። የዚህ ዓይነት ጥሪ ችግሩ ልጁ ይደክማል ብቻ አይደለም፤ ሌሎቹ በጠባብ ጨዋታ ስለማይፈተኑ ኦክቶበር ላይ የሚታመን ሰው አይኖርም።

ሁለተኛው የ1987 የጃፓን ሲሪስ ነው። ተጋጣሚው ሴይቡ ላዮንስ፣ አሰልጣኙ ማሳአኪ ሞሪ። ሞሪ በእነዚያ ዘጠኝ ዓመታት የጃያንትስ ካቸር (ከመቺው ጀርባ ሆኖ ኳስ የሚቀበል) ነበር፤ የኦህን ቤት ጓዳውን ያውቃል። ስድስተኛው ጨዋታ ኖቬምበር 1 ነበር። በሁለተኛው ኢኒንግ (ከጨዋታው ዘጠኝ ዙሮች አንዱ) የሴይቡው ኪዮሃራ ሁለተኛ ቤዝ ላይ ሳለ ኳስ ወደ መሃል ከፍ ብላ ተመታች፤ ሴንተር ፊልደሩ ዋረን ክሮማርቲ ያዛት። ኪዮሃራ ሦስተኛ ቤዝ ላይ ይቆማል ሲባል ሳይቆም ቤቱ ገባ። በስምንተኛው ደግሞ ትሱጂ አንደኛ ቤዝ ላይ፣ አኪያማ ወደ መሃል ነጠላ ምት። ከአንደኛ ተነስቶ በነጠላ ምት ሦስተኛ መድረስ ጥሩ ሩጫ ነው። ክሮማርቲ ኳሷን ለሾርትስቶፑ (በሁለተኛና በሦስተኛ ቤዝ መካከል ለሚከላከለው) ካዋይ አዝግሞ መለሰ፤ ካዋይ ፊቱን ወደ መቺው አዞረ። የሦስተኛ ቤዙ አሰልጣኝ ሃሩኪ ኢሃራ ይህችን ልማድ አስቀድሞ አጥንቷት ነበርና ክንዱን ማዞሩን አላቆመም፤ ትሱጂ ከአንደኛ ቤዝ እስከ ቤት ሮጠ። 3 ለ 1፣ ሲሪሱም 4 ለ 2 ለሴይቡ።

እዚህ ጋ የተሸነፈው ዱላ አይደለም። ክሮማርቲ ኳስ ሲመልስ ልብ እንደማይል ጃያንትስ ውስጥም የሚታይ ነገር ነበር። አንድ ወቅት ሙሉ ሳይታረም የቆየ ልማድ በጣም ውድ በሆነው ቀን ተከፈለበት። ኦህ ለመምታት ያለውን ዓይን ያህል ለዚህ አልነበረውም፤ የእኔ ፍርድ ይሄ ነው።

ስለ «መቅዳት» ደግሞ ኖሪሂሮ ኮማዳን ማየት ነው። ቁመተ ረዥም፣ ግራኝ፣ ጉልበተኛ። ሁለተኛ ኦህ ይሆናል ተብሎ አራካዋ ዘንድ ተልኮ አንድ እግር ማንሳት ተማረ፤ አልያዘለትም። ትቶት በራሱ መንገድ መምታት ሲጀምር በድምሩ 2,006 ምት አድርጎ ጡረታ ወጣ። ከላይ ስኮርካርድ እንዳለው፣ ኮማዳ የኦህ በሽታ አልነበረበትም።

ግራኝ መቺ

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። የወረቀቱ ነገር ዛሬ ገባኝ። ስለዚህ ፉኩኦካ ላይ የተለወጠው የወርዋሪ አያያዙ ነው ልንል እንችላለን? ወይስ ተጫዋች ተገዝቶለት ነው?

ሃካታ በር

ሁለቱም፤ ግን ጊዜው መነሳት አለበት፤ ከሁሉ በላይ የረዳው እሱ ነው።

ሆክስ (ያኔ ዳይኤይ፣ ከ2005 ጀምሮ ሶፍትባንክ) ከ1978 እስከ 1997 ሃያ ዓመት ሙሉ ከስድስት ቡድን የታችኛው ግማሽ ውስጥ የነበረ ክለብ ነው። ኦህን ያመጣው ሪኩኦ ኔሞቶ ነው፤ ራሱ አሰልጣኝነቱን ለቆ ወደ ቢሮ ገብቶ ወንበሩን ለኦህ ሰጠው። በ1995 5ኛ፣ በ1996 6ኛ። ሜይ 9 ቀን 1996 ኦሳካ ኒሴይ ስታዲየም ላይ በኪንቴትሱ ተሸንፈው ሲወጡ የራሳቸው ደጋፊ አውቶቡሱን በጥሬ እንቁላል መታው። ጃያንትስ ቢሆን በዚያ ሳምንት ይባረር ነበር። ኔሞቶ አላባረረም። በ1997 4ኛ፣ በ1998 3ኛ፣ በ1999 1ኛ። ኔሞቶ ግን አላየውም፤ በ1999 ኤፕሪል መጨረሻ አረፈ።

ተጫዋቾቹ ከየት መጡ ላልከው፦ ኮኩቦ በ1993፣ ጆጂማ በ1994፣ ኢጉቺና ማትሱናካ በ1996 ድራፍት (የአዲስ ተጫዋቾች ምርጫ)። አኪያማ ከሴይቡ በልውውጥ፣ ወርዋሪው ኩዶ ከሴይቡ በነፃ ዝውውር። ልብ በሉ፣ አኪያማና ኩዶ በ1987 ኦህን ካሸነፈው ቡድን የመጡ ናቸው። ያሸነፈህን ሰው ቤትህ አስገብተህ ልጆችህን እንዲያስተምር ማድረግ ቀላል አይደለም። ጆጂማ ገና ከሁለተኛ ደረጃ የወጣ ካቸር ነበር፤ ዱላው ወርቅ፣ ወርዋሪው ምን ኳስ እንዲወረውር የሚጠራበት አጠራሩ ግን ጥሬ። ከአሰልጣኙ ዋካና እና ከኩዶ ሥር ሆኖ በስሏል። ቆይቶ ሲያትል ማሪነርስ ሄዶ አሜሪካ ላይ ቋሚ ካቸር ሆነ።

አሁን ወደ ወርዋሪዎቹ። በ1999 ታካኦ ኦባና የወርዋሪዎች አሰልጣኝ ሆኖ መጣ። ያን ዓመት ቡልፔኑን እዩ፦ ከግራ ዮሺዳ ለአንድ ለሁለት መቺ፣ ፉጂኢ መሃሉን፣ ሺኖሃራ ጨዋታው ሲጠብ፣ ፔድራዛ መዝጊያውን። ሺኖሃራ ከቡልፔን እየወጣ 14 አሸንፎ 1 ብቻ ተሸነፈ። የካቶሪን ሸክም ለአራት ሰው አካፈሉት ማለት ነው። ኩዶ በ2.38 አማካይ (በዘጠኝ ኢኒንግ የሚገባበት ነጥብ) የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ሆነ፤ ቹኒቺን 4 ለ 1 አሸንፈው የጃፓን ሻምፒዮን ሆኑ።

2000 ላይ ደግሞ የድሮ ጓደኛው ናጋሺማ ከሚመራው ጃያንትስ ጋር ገጠመ። ቶኪዮ ላይ ሁለቱን አሸንፎ አራቱን ተከታታይ ተሸነፈ። (ፉኩኦካ ዶም ለአንጎል ቀዶ ሐኪሞች ጉባኤ አስቀድሞ ተከራይቶ ስለነበር የጨዋታው ቀን ሁሉ ተዛባ። ክለቡ ዋንጫ እደርሳለሁ ብሎ አለማሰቡን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር የለም።)

2003 ግን የኦህ እጅ በደንብ የሚታይበት ነው። ኮኩቦ በጉልበቱ ጉዳት ዓመቱን ሙሉ አልነበረም። ሆኖም ማትሱናካ 123፣ ጆጂማ 119፣ ኢጉቺ 109፣ ቫልዴስ 104 ነጥብ አስገቡ፤ በአንድ ቡድን አራት ሰው ከመቶ በላይ። የቡድኑ አማካይ .297፣ የጃፓን ሪከርድ። አራቱንም ብታዩ ግን አንዱም እንደ ኦህ አይቆምም። ሃንሺንን 4 ለ 3 አሸነፉ፤ ሰባቱንም ጨዋታ ያሸነፈው ባለሜዳው ነው።

ከዚያ ደግሞ ሁለት ዓመት ዕድል ተጫወተችበት። ከ2004 ጀምሮ ፓሲፊክ ሊግ የሊግ ዋንጫውን በጥሎ ማለፍ መወሰን ጀመረ፤ አንደኛው ከተጋጣሚው በ5 ጨዋታ ከበለጠ አንድ ድል በነፃ ይሰጠዋል። በ2004 ሴይቡን የበለጠው በ4.5፣ በ2005 ሎቴን የበለጠው በ4.5። ግማሽ ጨዋታ ጎደለው፤ ሁለቱንም ጊዜ 3 ለ 2 ተሸነፈ። 89 ጨዋታ ያሸነፈ ቡድን በወረቀት ላይ ሁለተኛ ተብሎ ተጻፈ።

ቁጥር ብቻ

ሁላችሁም ስታሞግሱት አንድ ሰው እንቢ ማለት አለበት።

868 ሲባል ሁለት ነገር አብሮ ይነገር። ኮራኩዌን የጎን አጥሩ 90 ሜትር ተብሎ የተጻፈ ሜዳ ነው። ሁለተኛ፣ ኦህ የሚጠቀመው ሙጫ የጠጣ፣ የተጠቀጠቀ እንጨት ዱላ ነበር፤ ይህ ዓይነቱ ዱላ በ1981 ታገደ፣ ማለትም እሱ በወጣ ማግስት። በተረፈ ከአሰልጣኝነቱ ጋር የሚነሳ ጥቁር ነጥብ አለ፦ በ1985 ራንዲ ባስ የኦህን የአንድ ዓመት ሪከርድ 55 ለመያዝ አንድ ቀርቶት 54 ሆም ራን ላይ ሆኖ የመጨረሻውን ጨዋታ ከኦህ ጃያንትስ ጋር ሲጫወት አራት ጊዜ በነፃ ወደ አንደኛ ቤዝ ተላከ። በ2001 ተፊ ሮድስ 55 ላይ ደርሶ ከኦህ ሆክስ ጋር ሲገጥም እንደዚሁ የሚመታው ኳስ አጣ። በ2002 ካብሬራም 55 ላይ ቀረ።

የድሮ ስኮርካርድ

ቁጥር ብቻ፣ የተናገርከው እውነት ነው፤ የጎደለው ንጽጽሩ ነው። ሜዳውም ዱላውም ለሁሉም ክፍት ነበር። በዚያው ሜዳ፣ በዚያው ዱላ ከ1962 እስከ 1974 አሥራ ሦስት ዓመት በተከታታይ የሊጉ ሆም ራን አንደኛ የሆነ ሌላ ሰው የለም። በዚያ ላይ የሚመታው ኳስ ማጣት ምን እንደሆነ ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም፦ 2390 ጊዜ በነፃ ተራምዷል፤ በ1974 ብቻ 158 ጊዜ። ስትራይክ አውቱ 1319 ነው። ለሆም ራን መቺ ይሄ ቁጥር ከ868ቱ ይልቅ ያስደንቀኛል።

የ1985ቱን ትእዛዝ አልሰጠሁም ብሏል። ይሁንና እኔም ከአንተ ጋር ነኝ፦ ዋና አሰልጣኝ «አልሰጠሁም» ብሎ መቆም አይበቃውም፣ «ወርውሩለት» ማለት ነበረበት። በራሱ ሪከርድ ጉዳይ ዝም ያለ ሰው ዝምታው እንደ ትእዛዝ ይሰማል። ባሌንቲየን በ2013 60 መትቶ ክርክሩን ዘጋው።

ሦስተኛ ቤዝ

2006ን፣ ማለትም የዓለም ቤዝቦል ክላሲክን፣ ማንም አላነሳውምና ልጨርስ፤ «አሰልጣኙ ምን ለወጠ» ለሚለው ጥሩ ማሳያ እዚያ አለ።

ጃፓን በመጀመሪያው ዙር በኮሪያ 3 ለ 2፣ በሁለተኛው ዙር በአሜሪካ 4 ለ 3፣ እንደገና በኮሪያ 2 ለ 1 ተሸነፈች። የአሜሪካው ጨዋታ ላይ የኒሺዮካ ሩጫ በዳኛ ውሳኔ መሰረዙ ይታወቃል። ጃፓን፣ አሜሪካ እና ሜክሲኮ እኩል 1 ድልና 2 ሽንፈት ሆኑ። የሚለያቸው ሦስቱ እርስ በርስ ሲጫወቱ የገባባቸው ነጥብ ለተጫወቱት ኢኒንግ ተካፍሎ ነው። አሜሪካ 5 ነጥብ በ17 ኢኒንግ፣ ጃፓን 5 ነጥብ በ17 ከ2/3። ልዩነቷ ያቺ የኢኒንግ ሁለት ሦስተኛ ናት፤ እሷም የመጣችው አሜሪካ ጃፓንን ያሸነፈችው በዘጠነኛው ኢኒንግ፣ ሁለት ሰው ከወጣ በኋላ ስለሆነ ነው። እነዚያ ሁለት አውቶች ባይኖሩ ጃፓንና አሜሪካ በዚህ ስሌት እኩል ይሆኑ ነበር።

ግማሽ ፍጻሜው ለሦስተኛ ጊዜ ከኮሪያ ጋር። ፉኩዶሜ ውድድሩን ሙሉ መምታት አቅቶት ነበር። የ1987ቱ ኦህ ወይ በግድ ያሰለፈው ነበር ወይ ይረሳው ነበር፤ እኔ እንደማየው። የ2006ቱ ኦህ ከመጀመሪያው አሰላለፍ አወጣው፤ ኡዌሃራ ሰባት ኢኒንግ ኮሪያን ዝም ሲያሰኝ ወንበር ላይ አስቀምጦት ጠበቀ፤ በሰባተኛው 0 ለ 0 ሳለ ተክቶ አስገባው። ባለ ሁለት ነጥብ ሆም ራን። 6 ለ 0። ፍጻሜው ማርች 20 ሳን ዲየጎ ላይ፣ ኩባን 10 ለ 6።

ሃካታ በር

በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ በጨጓራ ካንሰር ሆስፒታል ገብቶ ጨጓራው በሙሉ ወጣ፤ የቀረውን ወቅት ሞሪዋኪ ተክቶት ጨረሰ። ኦህ በ2007 ተመልሶ 3ኛ፣ በ2008 6ኛ ሆኖ ወንበሩን ለአኪያማ ለቀቀ። በጠቅላላው 1315 ድል፣ 1118 ሽንፈት፣ 74 እኩል።

ግራኝ መቺ፣ «ሰውየው ወይስ ቡድኑ» ላልከው ከእሱ በኋላ የሆነውን ማየት ትችላለህ። ከ1999ኙ ቡድን አኪያማ፣ ኩዶ እና ኮኩቦ በየተራ የሆክስ ዋና አሰልጣኝ ሆኑ፤ ኢጉቺ ደግሞ ሎቴን አሰለጠነ። ከጃያንትስ ዘመኑ ግን ይህን ያህል ሰው ስቆጥር አላገኝም።

ግራኝ መቺ

ኮኩቦ ከሱ ሥር የወጣ መሆኑን አላውቅም ነበር። የ1987ቱን ስድስተኛ ጨዋታ ቪዲዮ አሁን ከፍቼዋለሁ፤ ካዋይ ፊቱን የሚያዞርበትን ቦታ ሦስት ጊዜ መለስኩት። ኢሃራ እውነትም ክንዱን አላቆመም።